ካርዱ ለደጉ ቀን ነው፤ ስለ ልብ ጤናና ስለ ሕክምና መድን

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው የአባቶቻችን ምክር ከብዙ ዘመን ጀምሮ ሲያገለግለን ኖሯል። በዚህ አነጋገር ወቀሳው የሚያርፈው በበሽተኛው ላይ ነው፤ ሕመሙን እያወቀ ከሐኪም ሸሽጓልና። ዛሬ በዚህ ዓምድ ልንነጋገርበት ያሰብነው በሽታ ግን የተለየ ጠባይ አለው። ሰው አይደብቀውም፤ እርሱ ራሱ ከሰው ይደበቃል እንጂ። ትኩሳት ሳያመጣ፣ እንቅልፍ ሳይነሣ፣ ከሥራም ሳያስቀር ብዙ ዓመት በሰው ገላ ውስጥ ተቀምጦ ልብን፣ አንጎልንና ኩላሊትን ሲጎዳ ይቆይና አንድ ቀን በድንገት ይገለጣል። ይህም በሕዝብ አነጋገር የደም ብዛት፣ በሐኪሞች አነጋገር ደግሞ የደም ግፊት የተባለው ነው።

አንባቢዎቻችን «ስለ ደም ግፊት መናገር የሐኪም ሥራ ነው፤ የመድን ነገር ደግሞ የገንዘብ ቤት ሰዎች ሥራ ነው፤ ሁለቱን ምን አገናኛቸው?» ይሉ ይሆናል። ሁለቱን ያገናኘልን በጅቡቲ ከተማ፣ በአንድ ቤተሰብ ሣጥን ውስጥ ያየነው ትንሽ ነገር ነው። ስለዚህ ነገሩን ከዚያው እንጀምራለን።

ወደ ጅቡቲ ከተማ የሄድነው በሌላ ጉዳይ ነበር። ጊዜው የበጋቸው ሙቀት የሚበረታበት የሰኔ መጨረሻ በመሆኑ ከምድረ በዳው የሚነፍሰው ነፋስ እንደ ጋለ ምጣድ ፊትን ይለበልብ ነበር። በአገሩ ልማድ እኩለ ቀን ሲሆን ሰው ሁሉ ከጥላ ሥር ይገባል፤ መንገዱም ጭር ይላል። እኛም ከአንድ የቆየ ወዳጃችን ቤት ለምሳ ተጋብዘን ስለ ነበረ ከምኒልክ አደባባይ ተነሥተን ወደ ባልባላ አመራን። ባልባላ የአምቡሊን ደረቅ ወንዝ ተሻግሮ የሚገኝ፣ ሰው እጅግ የበዛበት ሰፊ ሰፈር ነው።

ባለቤቱ ዕድሜያቸው ወደ 60 የሚጠጋ፣ በወደቡ ላይ በዕቃ ቆጣሪነት ብዙ ዘመን ያገለገሉ ሰው ናቸው። የተወለዱት በድሬዳዋ ነው፤ በወጣትነታቸው በባቡር ወርደው ሥራ ያዙ፤ ከዚያም ትዳር መሥርተው ልጆች ወልደው የአገሩ ሰው ሆነው ቀሩ። በምሳው ጊዜ በየመኖች ሥርዓት በምድጃ የተጠበሰ ዓሣ ከትኩስ ቂጣ ጋር ቀርቦ ሳለ እርሳቸው ብዙም ሳይበሉ ዝም አሉ። ምን እንደ ሆኑ ብንጠይቃቸው፣ አብሯቸው 20 ዓመት የሠራ የወደብ ባልደረባቸው ባለፈው ወር በሥራ ላይ ሳለ ድንገት ወድቆ ግማሽ አካሉ እንደማይታዘዝለትና ንግግሩም እንደ ተያዘ ነገሩን።

«ምንም አልነበረበትም፤ ከሁላችን እርሱ ይበረታ ነበር» አሉ።

«እርስዎስ የደም ግፊትዎን ተለክተው ያውቃሉ?» አልናቸው።

«አንድ ጊዜ ተለክቼ ከ170 በላይ ነው አሉኝ። ክኒን ሰጡኝ፤ አንድ ወር ዋጥሁት። ደግሞ ስለካ ወርዷል አሉኝ። ከዳንሁማ ምን ያደርግልኛል ብዬ ተውሁት።»

«የሕክምና መድን የለዎትምን?»

ለዚህ ጥያቄ የመለሱልን ባለቤታቸው ናቸው። «እንዴታ፣ ወንድም ጋሼ! አለን እንጂ» ብለው ተነሡና የእንጨት ሣጥናቸውን ከፈቱ። ከጋብቻው ወረቀትና ከልጆቹ የልደት ምስክር ወረቀት መካከል በላስቲክ የተጠቀለለ ካርድ አውጥተው አሳዩን። ካርዱ ጠርዙ እንኳ ሳይታጠፍ እንደ አዲስ ያበራል። «ለክፉ ቀን ብለን በክብር አስቀምጠነዋል» አሉን።

ይህን ቃል በሰማን ጊዜ ብዙ አሰብን። እኒህ ሴት ገንዘብና ወረቀት በአግባቡ የሚይዙ ብልህ የቤት እመቤት ናቸው፤ ለክፉ ቀን ማስቀመጥም ሲመሰገን የኖረ ጠባይ ነው። ነገር ግን ልብን የሚጠብቀው ካርድ በክፉ ቀን ብቻ የሚወጣ ከሆነ ሥራውን የሚጀምረው ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው። የዛሬው ጽሑፋችን ሐሳብ በአጭሩ ይህ ነው፦ የልብ በሽታ የሚሸነፈው በደጉ ቀን ነውና የሕክምና መድንም በደጉ ቀን ሊሠራበት ይገባል። ምክንያቱን በየተራ እንመልከት።

ልባችን በአንድ ቀን ውስጥ ወደ 100,000 ጊዜ ያህል ይመታል። በየምቱም ደምን ወደ ደም ሥሮች ይገፋል፤ ደሙ የደም ሥሩን ግድግዳ የሚጫንበት ኃይልም የደም ግፊት ይባላል። በመለኪያው ሁለት ቁጥሮች ይነበባሉ። የላይኛው ቁጥር ልብ ሲኮማተር ያለው ግፊት ነው፤ የታችኛው ደግሞ ልብ በሁለት ምቶች መካከል ሲያርፍ ያለው ነው። 120 በ80 ገደማ ሲሆን መልካም ነው። በተለያዩ ቀኖች ተለክቶ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ከተገኘ ግን ሰውየው የደም ግፊት በሽታ አለበት ይባላል። ግፊቱ ከልክ በላይ ሆኖ ሲቆይ ልብ እንደ ደከመ ሸክም ተሸካሚ እየተጨነቀ ጡንቻው ይወፍራል፤ በኋላም ይደክማል። የደም ሥሮችም ይሻክራሉ፤ ይጠብባሉ። ከነዚህ አንዱ በልብ ላይ ቢዘጋ ድንገተኛ የልብ ሕመም ይሆናል፤ በአንጎል ውስጥ ቢዘጋ ወይም ቢፈነዳ ደግሞ በተለምዶ ስትሮክ የሚባለው፣ አካልን የሚያሰንፈውና አንደበትን የሚይዘው አደጋ ይደርሳል። የወዳጃችን ባልደረባ ላይ የደረሰው ይህን የመሰለ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው በፈረንጆች አቆጣጠር በ2019 ዓ.ም. በልብና በደም ሥር በሽታዎች የሞቱት ሰዎች 17.9 ሚሊዮን ያህል ነበሩ፤ ይህም በዚያ ዓመት በዓለም ከሞቱት ሁሉ 32 በመቶ ያህል ነው። ከነዚህም ከአራቱ ሦስቱ እጅ የሚበልጠው ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆነ አገሮች የደረሰ ነው። እንግዲህ የልብ በሽታ የባለጸጎች በሽታ ነው የሚለው የቆየ አስተሳሰብ ስሕተት መሆኑ ከዚህ ይታያል። ይኸው ድርጅት በ2021 ዓ.ም. እንደ ገለጸው ደግሞ የደም ግፊት ካለባቸው ጐልማሶች ውስጥ ግማሽ ያህሉ በሽታው እንዳለባቸው አያውቁም፤ ግፊታቸው በሕክምና ተስተካክሎ የሚኖሩት ከአምስት ሰዎች አንዱ ብቻ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ስለ ጅቡቲና ስለ ውጭ አገር ስንናገር የምንጠቅሰው ዓመት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

አሁን ወደ መድን እንለፍ። «መድን» የሚለው ቃል «ዳነ» ከሚለው ግሥ ጋር ዝምድና ያለው ሲሆን የሚያድን፣ ዋስ የሚሆን ማለት ነው። በከተማ ሰው አፍ «ኢንሹራንስ» የሚለው የውጭ ቃልም ይነገራል፤ በመንግሥት ጽሕፈት ግን «መድን» የሚለው የተመረጠ ነው። የሕክምና መድን ማለትም ብዙ ሰዎች ገና ሳይታመሙ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ገንዘብ እያዋጡ፣ ከመካከላቸው የታመመው በዚያ መዋጮ የሚታከምበት ሥርዓት ነው። መዋጮ ማለት እያንዳንዱ የሚያወጣው ድርሻ ነው።

ይህ አሳብ ለእኛ አዲስ አይደለም። እድር የሌለበት ሰፈር በኢትዮጵያ ከተሞች አይገኝም ቢባል ማጋነን አይሆንም። የእድር አባል በየወሩ ይከፍላል፤ ሐዘን በደረሰበት ጊዜም ድንኳኑ ይተከልለታል፤ ገንዘቡም ይሰጠዋል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የተባለውም እንዲህ ላለው ኅብረት ነው። ሆኖም በእድርና በሕክምና መድን መካከል አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። እድር የሚጠራው ከሞት በኋላ ነው፤ የሕክምና መድን ግን ሞትን ለማራቅ የቆመ ነው። የወዳጃችን ባለቤት ካርዱን በሣጥን ያስቀመጡት በእድር ልማድ አስበውት ይሆናል እንላለን።

የጅቡቲ መንግሥት ይህን ሥርዓት ለሕዝቡ ሁሉ ለማዳረስ ያወጣው ሕግ በየካቲት 5 ቀን 2014 ዓ.ም. የጸደቀው የጠቅላላ የሕክምና መድን ሕግ ነው። ሥርዓቱ በሁለት መንገድ ይሠራል። አንደኛው የግዴታ መድን የተባለው ነው፤ በዚህ ውስጥ ደመወዝተኞችና ለራሳቸው የሚሠሩ ሰዎች እየከፈሉ ይገባሉ። ሁለተኛው መክፈል ለማይችሉ ድኆች የተዘጋጀ የማኅበራዊ ጤና ርዳታ ነው። አስተዳደሩም ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በአንድ ለተጠቃለለው ለብሔራዊ የማኅበራዊ ዋስትና ገንዘብ ቤት ተሰጥቷል። ወዳጃችን የወደብ ደመወዝተኛ ስለ ሆኑ የገቡት በመጀመሪያው መንገድ ነው። በደጃፋቸው በጠረጴዛ ላይ ብስኩትና ሻይ የምትሸጠው ጎረቤታቸው ደግሞ ድኅነቷ ተረጋግጦ በሁለተኛው መንገድ እንደ ተመዘገበች ነገሩን። እንዲህ ሁለቱ ጎረቤቶች በአንድ የሕክምና ወረፋ ላይ መቆም መቻላቸው የሚያስመሰግን ነገር ነው።

ነገር ግን ካርድ የያዘ ሰው ሁሉ የልቡን ጤና አግኝቷል ማለት ነውን? ይህን ጥያቄ ለመመለስ በአሜሪካ የተደረጉ ሁለት ትልልቅ ሙከራዎችን መመልከት ይጠቅመናል። እነዚህ ሙከራዎች የሚጠቀሱት ሰዎችን በግምት ሳይሆን በዕጣ ለይተው ስላነጻጸሩ ነው።

የመጀመሪያው ራንድ የተባለው የምርምር ድርጅት ከ1974 እስከ 1982 ዓ.ም. ያካሄደው ነው። ከ2,000 በላይ የሆኑ ቤተሰቦች በዕጣ ተከፍለው ከፊሉ በነጻ እንዲታከም፣ ከፊሉ ግን የሕክምናውን ዋጋ በከፊል ከኪሱ እንዲከፍል ተደረገ። በመጨረሻ ሲታይ የብዙው ሰው ጤና ተመሳሳይ ሆኖ ተገኘ። ድኆች ሆነው የደም ግፊት በነበረባቸው ሰዎች ላይ ግን ልዩነት ታየ፤ በነጻ የታከሙት ግፊታቸው ይበልጥ ወርዶ ነበር። ምክንያቱም በነጻ የሚታከመው ሰው ሐኪም ዘንድ ደጋግሞ ስለሚሄድ በሽታው ቶሎ ይገኝበታል፤ ከተገኘም በኋላ ይከታተሉታል። ተመራማሪዎቹ ከዚህ ጋር ሌላም ነገር አስተውለዋል፤ አንድ ጊዜ የተደረገ የደም ግፊት ልኬታ ብቻውን ከጥቅሙ ብዙውን እጅ እንደሚያስገኝ ተረድተዋል።

ሁለተኛው በኦሪገን ክፍለ ግዛት በ2008 ዓ.ም. የተጀመረው ነው። መንግሥት ለድኆች የሚሰጠው መድን ቦታው ጥቂት፣ ፈላጊው ብዙ ስለ ሆነ ዕጣ ወጣ። በ2013 ዓ.ም. የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው ዕጣ የወጣላቸው ሰዎች ሐኪም ዘንድ በብዛት ሄዱ፤ የስኳር በሽታም የተገኘባቸው በረከቱ፤ በሕክምና ዕዳ ከመጨነቅ ዳኑ፤ መንፈሳቸውም ተረጋጋ። የደም ግፊታቸው ግን በሁለት ዓመት ገደማ ጊዜ ውስጥ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳየም።

እነዚህን ሁለት ውጤቶች አንዱን ይዞ ሌላውን መጣል ቀላል ነበር፤ ፍርዱ ግን ሁለቱንም አብሮ ማየት ነው። መድን በር ይከፍታል፤ በበሩ የሚገባው ግን ሰው ራሱ ነው። ገብቶ ከተለካ፣ ክኒኑን ሳያቋርጥ ከዋጠ፣ ሐኪሙም ቀጠሮውን ከጠበቀለት ግፊቱ ይወርዳል። ከነዚህ አንዱ ቢጎድል ካርዱ የኪስ ጌጥ ሆኖ ይቀራል። መድን የሌለው ሰው ደግሞ በሩ ስለ ተዘጋበት ልማዱን እንኳ ለመጀመር ይቸገራል፤ ገንዘብ ባጣ ወር መጀመሪያ የሚያቋርጠው ሕመም የማይሰማውን የግፊት ክኒን ነው።

የጅቡቲን ከተማ ኑሮ በቅርብ ላየ ሰው በበሩ የመግባቱ ነገር እንዴት እንደሚከብድ ግልጽ ነው። አንዱ መሰናክል ጨው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ጐልማሳ በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም ከአንድ ትንሽ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ጨው እንዲበላ ይመክራል። የጅቡቲ ሰው ግን ከባሕር ጠለል 155 ሜትር ዝቅ ብሎ የሚገኘውን የአሰልን ሐይቅ ጨው የአገሩ ሀብት አድርጎ የኖረ ነው፤ በከተማውም አትክልቱ ከውጭ የሚመጣ ስለ ሆነ በቆርቆሮ የታሸገ ምግብ ይበዛል። የታሸገ ምግብ እንዳይበላሽ ሲሉ የሚጨምሩበት ጨው ደግሞ ለዓይን አይታይም።

ሁለተኛው መሰናክል ጫት ነው። በጅቡቲ ከተማ እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ከኢትዮጵያ የመጣው ጫት ሲደርስ ጭር ብሎ የነበረው መንገድ በአንድ ጊዜ ይነቃል። ሴቶቹ ነጋዴዎች ቅጠሉን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍነው በጠረጴዛ ላይ ይዘረጋሉ፤ ገዢውም ይጋፋል። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገር የልብን ምት ያፈጥናል፤ የደም ግፊትንም ያወጣል። በየመን የተደረጉ ጥናቶች አብዝተው በሚቅሙ ሰዎች ላይ ድንገተኛ የልብ ሕመም በብዛት እንደሚታይ አመልክተዋል። ይህን የምንለው የአገሩን ሰው ለመውቀስ አይደለም፤ ቅጠሉ የሚበቅለው በእኛው ምድር ነው፤ የሚያጓጉዙትም የእኛው ሰዎች ናቸውና። የወዳጃችን ባለቤት ስለ ቤት ወጪ ስንነጋገር «ከዳቦው ቀጥሎ ገንዘቡን የሚወስደው እርሱ ነው» ብለው ወደ ባላቸው በዓይን አመለከቱ። እርሳቸውም ፈገግ አሉ እንጂ አልካዱም።

ከዚህ የበለጠ የሚያሳስበን ግን በሩ ጨርሶ ያልተከፈተላቸው ሰዎች ነገር ነው። የኢትዮጵያ የውጭ ንግድ ዕቃ ከ90 በመቶ የሚበልጠው በጅቡቲ ወደብ የሚያልፍ ስለ ሆነ ከባድ መኪና የሚነዱ ወገኖቻችን በዚያ መንገድ ሌሊትና ቀን ይመላለሳሉ። ብዙ ሰዓት ተቀምጠው ይነዳሉ፤ እንቅልፍን ለመከልከል ይቅማሉ፤ የሚበሉት በመንገድ ዳር ጨው የበዛበትን ምግብ ነው። እንዲህ ያለው ኑሮ ልብን የሚያደክም መሆኑ የታወቀ ነው። ደግሞም በከተማው በቤት ሠራተኝነትና በቀን ሥራ የሚኖሩ፣ የመኖሪያ ወረቀት የሌላቸው ኢትዮጵያውያን አሉ። መድን ደግሞ ስምን፣ አድራሻንና ወረቀትን ይጠይቃል፤ ወረቀት የሌለው ሰው ቢታመም እንኳ ወደ ሐኪም ቤት መሄድን ይፈራል። እንግዲህ የደም ግፊት ከሰው ይደበቃል ስንል፣ ሰውም በበኩሉ ከሐኪም የሚደበቅበት ጊዜ አለ ማለት ነው፤ የአባቶች ምሳሌ በሁለት ወገን እውነት ሆኖ ይገኛል።

በአገራችንም ቢሆን ጉዳዩ ያልታሰበበት አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 ወጥቶ ነበር፤ ይህም ደመወዝተኞችንና ጡረተኞችን የሚመለከት ነው። ለገበሬውና ለግል ሠራተኛው ደግሞ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን የተባለው በ2003 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በደቡብና በትግራይ ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ወደ ብዙ ወረዳዎች ተዳርሷል። በዚህ መድን ውስጥ ያለ ገበሬ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮውን ይከፍላል፤ አብዛኛውን ጊዜም ወደ ጤና ጣቢያ የሚሄደው ወባ ወይም ሳንባ ምች በያዘው ጊዜ ነው። የደም ግፊቱን ለመለካት ብቻ የሚሄድ ጥቂት ነው። ስለዚህ ለጅቡቲ የምንናገረው ሁሉ ለደብረ ብርሃንም፣ ለጎንደርም፣ ለጅማም የሚነገር ነው።

ወደ ወዳጃችን ቤት እንመለስ። ከምሳ በኋላ ብዙ ተነጋገርን። እርሳቸው «ግፊቴ ወርዷል ብለው ነግረውኝ የለም ወይ? ታዲያ ለምን እውጣለሁ?» ሲሉ ተከራከሩን። እኛም በዚህ ነገር ላይ አንድ ምሳሌ ሰጠናቸው። «እርስዎ በወደብ ላይ ሲሠሩ መርከቡ በገመድ ታስሮ ጸጥ ብሎ ሲቆም አይተው ‹እንግዲህ መርከቡ ዐርፏል፤ ገመዱን ፍቱት› ይላሉ?» አልናቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና ሳቁ። «እኔ እንዲህ ያለውን ሰው ከሥራ አባርረው ነበር» አሉ።

በማግሥቱ ጧት ሙቀቱ ሳይበረታ ባልና ሚስት ወደ ሰፈራቸው ጤና ጣቢያ ሲሄዱ እኛም አብረን ሄድን። ካርዱ ያን ቀን ከላስቲኩ ወጣ። ወረፋው ረጅም ነበር። ተለክተው 178 በ104 ተባለ። ያልታሰበው ነገር ግን የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አስታማሚዋ ሴትዮዋንም እግረ መንገዷን ለካችና 162 በ98 ሆኖ ተገኘ። እኒያ ካርዱን በሣጥን ይጠብቁ የነበሩት የቤት እመቤት በዕድሜያቸው ሁሉ አንድ ቀን እንኳ ተለክተው አያውቁም ነበር። ፊታቸው ተለዋወጠ። «እኔ እኮ እርሳቸውን ላሳክም ነው የመጣሁት» አሉ በዝግታ። ሐኪሙም በሌላ ቀን ዳግመኛ እንዲለኩ ቀጠሮ ሰጣቸው፤ ለባላቸው ግን ክኒኑን ያን ቀን አዘዘላቸው፤ እንዳያቋርጡም አጥብቆ አስጠነቀቃቸው።

ከጅቡቲ ከተመለስን ከሦስት ወር በኋላ በስልክ ጠየቅናቸው። ሁለቱም ክኒን ይውጣሉ፤ ጠዋት ከቁርስ በፊት ሴትዮዋ ለሁለት ያካፍላሉ። የባልየው የላይኛው ቁጥር ከ140 በታች ወርዷል። ጫቱን «በሳምንት ሁለት ቀን አድርጌዋለሁ» አሉን፤ ሴትዮዋ ከኋላቸው «ሦስት ነው!» ሲሉ በስልኩ ውስጥ ሰማን። ካርዱስ የት ነው ብለን ብንጠይቃቸው ሣጥን ውስጥ አለመሆኑን፣ አሁን በበሩ አጠገብ ከቁልፉ ጋር በምስማር ተንጠልጥሎ እንደሚገኝ ነገሩን። የወደቀው ባልደረባቸው ግን እስካሁን በምርኩዝ ነው የሚሄደው፤ ንግግሩም ሙሉ በሙሉ አልተመለሰለትም። እርሱም በሣጥኑ ውስጥ እንዲሁ ያለ ካርድ ነበረው።

እንግዲህ በሥራ ላይ ያሉ አንባቢዎቻችን ከዚህ ምን ይይዙ? አንደኛ፣ ዕድሜው 40 ዓመት የደረሰ ሰው ሁሉ፣ ቤተሰቡ የደም ግፊት ያለበት ከሆነም ከዚያ በፊት፣ ደህና ሳለ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ይለካ። ሁለተኛ፣ ክኒን የታዘዘለት ሰው ቁጥሩ ስለ ወረደ ክኒኑን አይተው፤ የወረደው በክኒኑ ነውና፤ መቀነስም መለወጥም ለሐኪሙ ይተው። ሦስተኛ፣ የመድን ካርድ ያለው ሰው ካርዱ ምን ምን እንደሚሸፍን፣ ምን ያህሉን ራሱ እንደሚከፍል ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት አስቀድሞ ይጠይቅ፤ በጭንቅ ቀን የሚጠየቅ ጥያቄ አይደለም። አራተኛ፣ በቤት ውስጥ ለምግብ የሚጨመረውን ጨው ያበስል የሚለው ሰው ይቀንስ፤ በገበታ ላይ ያለውንም የጨው ዕቃ ያንሣ።

አምስተኛውን ምክር የምናቀርበው በተለይ ሹመትና ኃላፊነት ላላቸው ነው። በእጃቸው ሥር ሠራተኛ ያላቸው አለቆች የመድኑ መዋጮ መከፈሉን ብቻ አይመልከቱ፤ ሠራተኛው ለመለካትና ቀጠሮውን ለማክበር ፈቃድ ሲጠይቅ ይስጡት። ግማሽ ቀን ፈቃድ የተከለከለ ሠራተኛ በኋላ ግማሽ አካሉ ሲሰንፍ መሥሪያ ቤቱ የሚያጣው ግማሽ ቀን አይደለም።

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን። እሳት ትንሽ ሳለ በቅጠል ይጠፋል፤ ቤቱን ከያዘ በኋላ ግን ወንዝም አያጠፋውም ማለት ነው። የልብ ነገርም እንዲሁ ነው። ቅጠሉ በብዙዎቻችን ሣጥን ውስጥ በክብር ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ውድ አንባቢ ሆይ፣ ይህን ገጽ አንብበው ሲጨርሱ ሣጥንዎን ይክፈቱ።